«ጥናት አረጋገጠ» ሲሉን፣ በማን ላይ ነው ያረጋገጡት?

ባለፈው እትም ስለ ደም ግፊት ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች ግን ከግፊት አለፉ። አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚገቡት፦ እነዚህ ጥናት የምትሏቸው ነገሮች እኛን ይመለከቱናል ወይ? ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጠሁት። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። «ዶክተር» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ያጠናሁት የኅብረተሰብ ጤና ነው፣ መድኃኒት አላዝም። ደግሞ ከታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በየቀኑ በቴሌግራም ‹ጥናት አረጋገጠ› የሚል ነገር ይልክልኛል። ጨው ቀንስ፣ ኮሌስትሮል ተመርመር፣ ተራመድ። የት ነው የተጠናው ስለው አሜሪካ ይለኛል። እኔ 61 ዓመቴ ነው። የምበላው እንጀራ ነው፣ የዓመቱን ግማሽ እጾማለሁ፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሬ ነው የምመላለሰው። የአሜሪካኑ ጥናት ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?» (ከአራት ኪሎ)

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ግማሹ እርስዎን፣ ግማሹ ልጅዎን ነው የሚያስደስተው።

ከእርስዎ ወገን ልጀምር። በሽታውን ራሱን ሳይሆን ለበሽታው በር የሚከፍተውን ነገር መፈለግ፣ እኛ «አጋላጭ ሁኔታ» የምንለው፣ ዛሬ የቴሌግራም ወሬ ሆነ እንጂ ድሮ እንዲህ አልነበረም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1945 በሞቱበት ቀን ግፊታቸው 300 በ190 ነበር። ለዓመታት እየጨመረ ሲሄድ ሐኪም አጠገባቸው ነበር። ያን ጊዜ ግን ሰው ሲያረጅ ግፊቱ መጨመሩ ያለ ነው የሚል ሐኪም ብዙ ነው። በ1948 ከቦስተን ወጣ ብላ በምትገኝ ፍራሚንግሃም የምትባል ከተማ 5,209 ሰዎችን መዝግበው መከታተል ጀመሩ። በየሁለት ዓመቱ ይጠሯቸዋል፣ ይለኳቸዋል፣ ይጠይቋቸዋል፣ ይሸኟቸዋል። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ማን ልቡን ታመመ? ማን ሞተ? ከመታመሙ በፊት ምን ነበረበት? ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ልብን እንደሚጎዱ በቁጥር ቁልጭ ብሎ እንዲታይ ካደረጉት ጥናቶች ዋናው ይሄ ነው።

ችግሩ ያለው ሰዎቹ ላይ ነው። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ለሌላው ብለው ዕድሜ ልካቸውን ተመላልሰዋል፤ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ። ሌላ ዘር ያላቸው ነዋሪዎች እንደ ቡድን የተጨመሩት በ1994 ነው። ከእነሱ ውጤት ተነስተው «በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ልብዎን የመታመም ዕድልዎ ይህን ያህል ነው» የሚል የስሌት ሠንጠረዥ ሠሩ። ሠንጠረዡ ቻይና ሲሞከር ስጋቱን አጋነነው። ስለዚህ ያንን ቁጥር እንዳለ አንስቶ አራት ኪሎ ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም። እስከዚህ አሸንፈዋል።

አሁን የልጅዎ ተራ። ይሄንኑ የእርስዎን ጥያቄ ይዘው የተነሱ ተመራማሪዎች ነበሩ። በ2004 የታተመው «ኢንተርኸርት» የሚባለው ጥናት በ52 አገሮች ልባቸውን በድንገት የታመሙ 15 ሺህ ገደማ ሰዎችን ካልታመሙ 15 ሺህ ገደማ ሰዎች ጋር አስተያየ። አፍሪካውያንም ነበሩበት። የተገኘው ነገር ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነው። ማጨስ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ስብ፣ ቦርጭ፣ ጭንቀት፣ አትክልትና ፍራፍሬ አለመብላት፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ የመጠጥ ልማድ፤ እነዚህ ዘጠኝ ነገሮች ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ስጋት ያብራራሉ። በሁሉም ክፍለ ዓለም ያው ዘጠኙ ናቸው። የሚለያየው የትኛው የት እንደሚከፋ ነው። ጥቁር አፍሪካውያን ላይ ጎልቶ የወጣው ደም ግፊት ነው። በቀላሉ ልንገርዎት፦ የአሜሪካኖቹ ሚዛን ለእኛ ላይሠራ ይችላል፣ የሚመዘኑት ነገሮች ግን ያው ናቸው።

«እኛ ጋ ይሄ በሽታ የለም» የሚል ጎረቤትም አይጠፋም፣ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ25 እስከ 64 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ተለክተው በ2009 የወጣው ጥናት ከወንዶቹ 31 በመቶ ገደማ፣ ከሴቶቹ 29 በመቶ ገደማ ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2015 ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲለካ አንድ ሰው በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ5 ግራም አይለፍ ነው። ፈረንጅ ጨውን የሚያገኘው ከታሸገ ምግብ ነው ይባላል። የእኛ ከወጡ ነው፣ ከሽሮው ነው፣ በርበሬና ሚጥሚጣው ሲዘጋጅ አብሮ የሚገባውን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። እዚያው ጥናት ላይ አትክልትና ፍራፍሬ በሚመከረው መጠን የማይበሉት ከመቶ 97 ገደማ ናቸው። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጾም ማለት አትክልት ማለት አይደለም። ሽሮ በእንጀራም ጾም ነው።

ከሁሉም የአዲስ አበባ ጥናቶች እኔ የምወደው አንድ አለ፤ ሳልነግርዎት አላልፍም። እዚህ ከተማ ሰው ሲሞት የሞቱ ምክንያት በሐኪም ተጽፎ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው ቤቱ ነው የሚሞተው። ታዲያ በ2001 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምን አደረጉ? ሐኪም ቤቱን ተዉትና ወደ መቃብር ቦታዎች ሄዱ፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ የማዘጋጃ ቤቱም። ሁላችንም መጨረሻችን እዚያ ነው፣ ያለ መዝገብ የሚያልፍ የለም። ማን እንደተቀበረ፣ ዕድሜውን፣ ሰፈሩን እየመዘገቡ ቆዩ፤ ከመካከላቸው የተወሰኑትን ደግሞ ለቅሶው በረድ ሲል ቤተሰቡ ጋ ሄደው «እንዴት ነበር የታመሙት?» ብለው ጠየቁ። መጀመሪያ የታሰበው የኤድስን ጉዳት ለማወቅ ነበር። በኋላ መዝገቡ ሲገላበጥ ግን ከአዋቂዎቹ ሞት ግማሽ ያህሉ በማይተላለፉ በሽታዎች ነው፤ ልብ፣ ስትሮክ፣ ስኳር፣ ካንሰር። «የፈረንጅ በሽታ» የምንለው ማለት ነው።

እና ምን ያድርጉ? እግርዎን አይተዉ። ግፊትዎን ይለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓለምን 21 ቦታ ከፍሎ ለየአካባቢው የተስተካከለ ሠንጠረዥ አውጥቷል፣ ላቦራቶሪ ሳያስፈልግ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሲጋራ፣ በግፊት፣ በክብደትና በቁመት ብቻ የሚሰላም አለው። ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የምሥራቅ አፍሪካውን ይጠይቁ። ለልጅዎም ይላኩለት፣ በቴሌግራም።

«የምኖረው ሰንጋ ተራ ነው። ሁለት ልጆች ታብሌትና የግፊት መለኪያ ይዘው ለጥናት መጡ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ግፊትም ስኳርም አለባት። እሷን ትተው እኔን፣ የ22 ዓመቷን፣ ለኩኝ። እናቴ በጣም አዘነች። ‹እኔንማ ከሞቱት ቆጠሩኝ› አለች። ይሄ ምን ዓይነት ጥናት ነው?» (ከሰንጋ ተራ)

እናትሽን በእኔ ስም ይቅርታ ጠይቂልኝ። ተማሪ እያለሁ እኔም አራዳ ውስጥ ይሄን ሥራ ሠርቻለሁ፤ የተቆጡኝ እናቶች ብዛት!

ነገሩ እንዲህ ነው። መረጃ ሰብሳቢ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በር ሲያንኳኳ ቤት ውስጥ ማንን ያገኛል? አሮጊቷን፣ የታመመውን፣ ሥራ ያጣውን። ጤነኛው ወጥቷል። ያገኘነውን ሁሉ ብንለካ አዲስ አበባ በሙሉ በሽተኛ ትመስላለች። ስለዚህ ቤቱ የሚመረጠው በዕጣ ነው፣ ከቤቱም ውስጥ አንድ ሰው በዕጣ ይወጣል። ዕጣው የወጣበት ሰው ከሌለ ተመልሶ መምጣት ነው እንጂ በሌላ መተካት አይፈቀድም። እኔ አንድ ባጃጅ ሹፌር ፍለጋ ዶሮ ማነቂያ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ፤ ሚስቱ «እኔን ለካና ተገላገል» ትለኝ ነበር። ደግሞ የዕድሜ ገደብ አለ። ለምሳሌ ከላይ የጠቀስኩት የ2015ቱ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ብቻ ነው ያካተተው። ወደ አንቺ ቤት የመጣውም ተመሳሳይ ገደብ ካለው እናትሽ ዕጣው ውስጥም አልገባችም ማለት ነው። ለጥናቱ አንቺ አንቺ አይደለሽም፣ እንደ አንቺ ያሉ ብዙ ሺህ ወጣቶችን ወክለሽ ነው የተለካሽው። እናትሽ የሚያስፈልጋት ሐኪም ነው፣ እነዚያ ልጆች ደግሞ ሐኪም አይደሉም።

ሦስት ጊዜ ለክተውሽ ከሆነ መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። ሩብ ሰዓት ያህል አረፍ ትያለሽ፣ ሦስት ጊዜ ትለኪያለሽ፣ የመጀመሪያው ይጣልና የቀሩት ሁለቱ አማካይ ይያዛል። የመጀመሪያው ላይ ሁሉም ሰው ትንሽ ይደነግጣል። (ቡናም ከልኬቱ በኋላ ነው መጠጣት ያለበት። ይሄንን ግን እስቲ ጀበና ለጣደች እናት አስረጂ።)

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ አንድ ጊዜ ለክቶ መሄድና እንደ ፍራሚንግሃም ለዓመታት መከታተል ለየቅል ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ከለካሽ ግፊት ያለበት ሰው ጨው መቀነሱን ታያለሽ እንበል። ታዲያ ግፊቱን ያመጣው ጨው መቀነሱ ነው? አይ፣ ሐኪም «ቀንስ» ብሎት ነው። ማን ቀደመ የሚለውን ለማወቅ መከታተል ያስፈልጋል። መከታተል ደግሞ ሰው ካለበት ካልተነሳ ነው የሚቀለው። ቡታጅራ ላይ ዩኒቨርሲቲው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነዋሪውን እየመዘገበ ቆይቷል፤ ልደቱም፣ ሞቱም፣ ወጪውም ወራጁም ይታወቃል። መሀል አዲስ አበባ ላይ ግን ፒያሳ ያገኘሽው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ሰፈሩ ራሱ የለም፣ ስልኩም ተቀይሯል። በእኛ ቋንቋ «ከክትትል የጠፋ» ይባላል። የጠፉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቀሩት ጋር አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም፣ ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

«እህቴ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ሐኪም ቤት ቅጽ ላይ ‹ጥቁር› የሚለውን ትሞላለች። የኩላሊት ምርመራዋ ላይ በዚያ የተነሳ ቁጥሩን ይቀይሩት ነበር አለችኝ። እኛና ናይጄሪያዊው በሕክምና አንድ ነን እንዴ?» (ከካዛንቺስ ተነስቼ አሁን ከከተማው ዳር)

እህትህ እውነቷን ነው። አሜሪካ ውስጥ የኩላሊትን አቅም የሚያሰላው ቀመር ሰውዬው «ጥቁር» ከሆነ ውጤቱን ከፍ ያደርገው ነበር። ኩላሊቱ ከእውነቱ የተሻለ ይመስላል፣ ሕክምናውም ይዘገያል። በ2021 ዘር የሌለበት ቀመር እንዲተካው የአገሪቱ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር ሐሳብ አቀረበ፣ ሐኪም ቤቶቹም እየተቀበሉት ሄዱ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ አይደለንም። «ጥቁር» የቅጽ ቃል ነው፣ የደም ቃል አይደለም። ኤፒኦኤል1 የሚባል ዘረመል አለ። የእሱ ሁለት ዓይነቶች ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ጼጼ ዝንብ የምታስተላልፈውን የእንቅልፍ በሽታ ይከላከላሉ ይባላል፤ ግን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ኩላሊቱ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። ጥቁር አሜሪካውያን ላይ የኩላሊት በሽታ ከሚበዛባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ ተሠርቶ በ2011 የታተመ ጥናት ግን እነዚህን ዓይነቶች አላገኘም፣ ኤችአይቪ ራሱ የሚያመጣውን የኩላሊት በሽታም እንዲሁ አላገኘም። ቅጹ ላይ እህትህና ናይጄሪያዊው አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ በዚህ ጉዳይ ግን አይገናኙም።

በተቃራኒው እኛ ጋ በዝቶ ብዙ ሌላው ጋ የማይበዛም አለ። ይሄንን ቆርጠህ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው። ጉበታችን መድኃኒት የሚፈጭበት አንድ ኢንዛይም አለ። 122 ኢትዮጵያውያን ላይ ተሠርቶ በ1996 የታተመ ጥናት ከመካከላቸው 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አገኘ። ስዊድናውያን ላይ 1 ወይም 2 በመቶ ነው። ምን ያደርጋል? ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻና የሳል መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይቀየራል፤ ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ቶሎና በብዛት ይቀይረዋል። ትራማዶልም በዚያው መንገድ ነው ጉልበት የሚያገኘው። ለሌላው ልክ የሆነው ለአንዱ ሊበዛበት፣ እንቅልፍ ሊጥለው፣ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል ማለት ነው። ጥናቱ ከወጣ 30 ዓመት ገደማ ሆነው። መድኃኒት ቤት ሄጄ ስለዚህ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ዘረመል ሁሉን ይወስናል እያልኩህ ግን አይደለም። ዝሆኔን ተመልከት፤ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የሚሄዱ ሰዎችን እግር የሚያሳብጠውን። አንድ ማሳ ላይ ከሚያርሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ይያዛል፣ አንዱ ደህና ይሆናል። ለምን? እርግማን ነው የሚል ብዙ ነበር፣ አሁንም አለ፤ በዚህ የተነሳ ጋብቻ የሚፈርስበት ቤተሰብ አለ። በ2012 የታተመ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ታማሚዎችና ጎረቤቶቻቸው ላይ የተሠራ ጥናት ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዘ የዘረመል ልዩነት እንዳለ አሳየ። አፈሩ ከሌለ ግን ዘረመሉ ብቻውን ምንም አያደርግም። መፍትሔው ያው ጫማና እግር መታጠብ ነው። እዚህ አገር በበሽታው የተያዘው ሰው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል እንደሚበልጥ ይገመታል። እንዲህ ያለውን ነገር ቦስተን ብትቀመጥ መቼም አታገኘውም። በ2016 ሲቆጠር በዓለም ላይ በትልልቆቹ የዘረመል ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 81 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ፣ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው 3 በመቶ ገደማ። እና ያልተፈለገ ነገር እንዴት ይገኛል?

«ቢሮዬ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ጠዋት ማኪያቶ፣ ከሰዓት ጀበና። ባልደረባዬ ‹ትኩስ ነገር ካንሰር ነው› እያለች ቡናውን አስጠላችኝ። እውነት ነው?» (ከብሔራዊ)

ግማሽ እውነት ነው። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን «የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት ውስጥ መደበው። ቡናን ራሱን ግን፣ ከ1991 ጀምሮ ከነበረበት የጥርጣሬ ዝርዝር ያን ጊዜ ነው ያወጡት። ጥፋተኛው ሙቀቱ ነው፣ ቡናው ነፃ ወጥቷል! ኢራን ጎለስታን ውስጥ 50 ሺህ ሰው ሲከታተሉ 60 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሞቀ ሻይ በቀን 700 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ የሚጠጡት፣ ቀዝቀዝ አድርገው ጥቂት ከሚጠጡት ይልቅ ስጋታቸው በ90 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። እኛ አገርም አርሲና ባሌ ላይ ይሄ ካንሰር በዝቶ ስለሚታይ ትኩስ ገንፎውንም፣ ጫቱንም፣ ሌላውንም እየፈተሹ ነው።

አዲስ አበባ ከፍታዋ ረድቶን ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ሲኒ ደግሞ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትበርዳለች። ስኳሩን እስክታማስል፣ ትንሽ ወሬ እስክታወራ ጠብቅ። ባልደረባህን እማ።

«‹በ18 በመቶ ይጨምራል› ሲባል ከመቶ ሰው 18 ሰው ይታመማል ማለት ነው?» (ከልደታ)

አይደለም። ይሄ ቁጥር ያው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 ስለተቀነባበረ ሥጋ የተናገረው ነው፤ ሶሴጅ፣ ሞርታዴላ፣ በቀን 50 ግራም፣ በየቀኑ ለሚበላ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር። እስቲ ለምሳሌ ብቻ ከመቶ ሰው 5ቱ ዕድሜ ልካቸውን ሲኖሩ ይያዛሉ እንበል። በ18 በመቶ ጨመረ ማለት 5ቱ ወደ 6 ገደማ ሆኑ ማለት ነው። «በስንት ጨመረ» ሲሏችሁ «ከስንት ተነስቶ» በሉ። ቁርጥ የተቀነባበረው ሥጋ ካለበት «ካንሰር ያመጣል» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ቀይ ሥጋ የተመደበው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ነው።

«ለጥናት ፈርሜ ደም ሰጠሁ። አሁን ፈራሁ። መተው እችላለሁ?» (ከስታዲየም አካባቢ)

ትችያለሽ። ምክንያት መናገርም አይጠበቅብሽም፣ ሕክምና የማግኘት መብትሽም አይነካም። የፈረምሽበት ወረቀት አንድ ቅጂ ለአንቺ መሰጠት ነበረበት፣ የሚደወልበት ስልክ እዚያ ላይ አለ። ስትደውይ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ደሜ አሁን የት ነው ያለው፣ ወደ ውጭስ ይላካል ወይ? ናሙናው እንዲወገድ ከፈለግሽም ንገሪያቸው። ስምሽ ተነስቶ በቁጥር ብቻ ተቀላቅሎ ከሆነ ግን መለየት ላይቻል ይችላል፣ ስለዚህ ከዛሬ አይለፍ።